ጥቁሯን የሚያወልቅላት ሰው

ከባለቤቴ ከኤልያስ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ያደረግነው ተራ ነገር ሰልባጅ ቤት መሄድ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ጥቅምት ገብቶ ሙቀቱ ግን ገና ያልወጣበት የቴክሳስ ጠዋት። እሱ የሚፈልገው ልብስ አልነበረም፤ እኔን ተከትሎ ገባና ከኮቶቹ መካከል አንድ አረንጓዴ አውርዶ ለብሶ፣ መስተዋቱ ፊት ደረቱን ነፍቶ «ጡረታ የወጣ ዳኛ አልመስልም?» አለኝ። «ትከሻው ጠቦሃል፣ ይልቅ መልሰው» አልኩት። መለሰው። ቦታ ሊያበጅለት ሌሎቹን ኮቶች በእጁ ገፋ ሲያደርጋቸው የሽቦ መስቀያዎቹ በብረቱ ላይ እየተፋጩ ተንሸራተቱ፣ እኔም ዘወር ብዬ ሳላየው ወደ ሹራቦቹ ሄድኩ። ምንም ሳንገዛ ወጥተን፣ መንገዳችን ላይ ሽንኩርትና የልብስ ሳሙና ገዝተን ቤታችን ገባን። በዚያው ሳምንት ሥራ ቦታው ላይ ወደቀ፣ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት መግባት ትቼ ቆየሁ። ዘንድሮ ግን የመጀመሪያው ብርድ ከሰሜን ድንገት ወርዶ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ከአጭር እጅጌ ወደ ሹራብ ሲዞር፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ ሊያ «ማሚ፣ ፎል መጣ እኮ። ትሪፍት እንሂድ፣ ፕሊስ» ብላ ወደ ሰልባጅ ቤቱ ጎተተችኝ። እሷና ጓደኞቿ አዲስ ልብስ መግዛትን እንደ ነውር ያዩታል፤ በስልኳ ላይ ቡናማ የሱፍ ኮት፣ ኮርዱሮይ የሚሉትን ባለመስመር ጨርቅ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ጃኬት የለበሱ ወጣቶች እያሳየችኝ «ሲ? ልክ እንደ ድሮ ሰው» ትለኛለች። አየሁት፤ የአባቴ ልብስ ነው። ይህንኑ ብነግራት «ሶ፣ አያቴ ኩል ነበር ማለት ነው?» ብላ ሳቀች። በሩን ገፍተን ስንገባ አንዲት ሴት ኮቶቹን አንድ በአንድ እየገፋች ታይ ነበር፣ ሽቦው ብረቱ ላይ ተፋጨ፣ እኔም ኤልያስ ከጀርባዬ ያለ መስሎኝ ዞርኩ። አልነበረም። ድምፁ ግን እዚያ አላቆመም፤ እየጎተተ ከኤልያስ በፊት ወደ ነበረ ሌላ ጥቅምት ወሰደኝ።

በሱዳን በኩል አድርገን እዚህ አገር ስንገባ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የተሰጠን ቤት ከዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ ውስጥ ነው፤ አውሮፕላኖች ጎማቸውን ዘርግተው በላዩ የሚያልፉበት፣ ጠባብ በረንዳው ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ መንገደኞች የወረዱባቸውን አውሮፕላኖች ያጸዳ ነበር፤ እናቴ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላና ፎጣ ታጥብና ታጥፍ ነበር። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ደረቱ ላይ ስሙ በክር የተጻፈበት ቱታ ለብሶ ይውልና፣ ቅዳሜ ሲሆን ተላጭቶ፣ ጫማውን ቀብቶ፣ ክራባት አስሮ «ተነሽ፣ ልብስ እንጠይቅ» እያለ ይቀሰቅሰኝ ነበር። የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የሚናገረው። የምንሄደው ከጎማ ሻጩ አጠገብ ወዳለው ሰልባጅ ቤት ነው።

እዚያ ውስጥ አባቴ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። አዲስ አበባ እያለ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ ከደመወዙ ቆጥቦ ሱፍ ያሰፋ እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች፣ እዚህ ደግሞ የሚያሰፋበት አጥቶ ሌሎች ያሰፉትን መፈለግ ጀመረ። «ልብስ በፊቱ አይታይም፣ ገልብጪው» ይለኝ ነበር። ኮቱን ገልብጦ ገበሩን በጣቱ እየዳሰሰ፣ ስፌቱን እየሳበ፣ ክርኑንና ኮሌታውን እያየ ባለቤቱ ምን ሰው እንደነበር ይገምት ነበር። «ይሄ ጠበቃ ነው። ክርኑ አልቋል፣ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ኖሯል። ይሄኛው ደግሞ ሚስቱ ጎበዝ ናት፣ ቁልፉን እንዴት አድርጋ እንደተከለችው አየሽ?» እያለ፣ እኔም እየተከተልኩ የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ እጄን እየከተትኩ፣ ጠዋቱ ያልፍ ነበር። ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ ጃኬቱን ያገኘው እንዲህ ሲፈልግ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለ እሱ ቅዳሜን አልዋለም።

እናቴ ወደ ሱቁ አትገባም ነበር። መኪና ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀናለች፣ ስንወጣ ከረጢቱን በሁለት ጣቷ ትቀበላለች። የሬሳ ልብስ ነው ትላለች። የገዛነው ነገር ሁሉ ከታጠበም በኋላ ወደ ቁም ሣጥን አይገባም፤ ሌሊቱን በረንዳው ላይ ተሰቅሎ ማደር አለበት። «ባለቤቱ ካለ መጥቶ ይውሰደው፤ ካልወሰደ ለኛ ትቶታል ማለት ነው» ትል ነበር። አባቴ ይስቅባታል። «ኧረ ሴትዮ፣ ባለቤቱ ወፍሮ ነው የሸጠው። ሰውየውን አንቺ ነሽ የገደልሽው!» «ሳቅ አንተ። አንድ ቀን በር ሲያንኳኳ አንተ ትከፍትለታለህ።» እኔ ግን አምናት ነበር፤ ከመኝታ ቤቴ መስኮት በረንዳው ይታያልና፣ ነፋስ የሚያወዛውዘውን ኮት እያየሁ አንድ ክንድ ወደ እጅጌው ሲገባ የማይ እየመሰለኝ ብርድ ልብሴን እስከ ዓይኔ እስብ ነበር።

አባቴ በመጨረሻው ጥቅምቱ ለእኔ ኮት አገኘልኝ። የሰናፍጭ ቀለም ያለው ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ነው፣ ትልልቅ ኪሶች ያሉት፣ እጅጌው እስከ ጣቴ ጫፍ የሚደርስ። «ይሰፋኛል አባዬ» ብለው፣ «አንቺ ነሽ የምትሰፊው፣ እሱማ ልክ ነው» አለኝ። በረንዳው ላይ አደረ፣ ማንም አልወሰደውም፣ ትምህርት ቤት ለብሼው ሄድኩ። ወሩ ሳያልቅ፣ አባቴ ከሥራ ሲመለስ በሀይዌይ ላይ የመኪና አደጋ ደርሶበት ሞተ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ያኔ በዳላስ ዙሪያ የነበርነው አበሾች ጥቂት ነን፣ አብዛኞቹም ላጤ ወንዶች ነበሩ፤ ታክሲ የሚነዱ፣ መኪና ማቆሚያ ላይ የሚሠሩ፣ አራት አምስት ሆነው አንድ ቤት የሚኖሩ። ቀብሩን እነሱ ሠሩት። ክራባት ተዋውሰው መጡ፣ ሳጥኑን ተሸከሙ፣ ድንኳን ስላልነበረ መኪና ማቆሚያው ላይ ወንበር ደርድረው ሦስት ቀን ተቀመጡ፣ ያልበሰለ ምስር ሠርተው አበሉን። ከሁሉም የሚቀርበን የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ታደሰ ነው፤ ታክሲውን በራችን ላይ አቁሞ የታዘዘውን ሁሉ ያመላልስ ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ፣ እናቴም ጥቁር ለበሰች። ያ ጥቁር በምን እንደሚወልቅ አላውቅም ነበር፤ እንዳይወልቅ ሆኖ እንደሚቆይም አልገመትኩም።

ጥቁር ልብስ ለመግዛት አቅምም ፍላጎትም አልነበራትም፣ ስለዚህ ያላትን አጠቆረች። ክረምቱ በገባበት ሰሞን፣ መንገዱ በረዶ ይዞ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀን፣ ማቅለሚያውን በካርቶን ገዝታ፣ ልብሷን ሁሉ በአንሶላ ጠቅልላ፣ የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ በጋራ ወደሚጠቀምበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወረድን። ቀሚሶቿን፣ ሹራቧን፣ ነጠላዋን ሳይቀር ማሽኑ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ ወደኔ ዞራ እጇን ዘረጋች። የኔን ኮት ነው የምትፈልገው። አውልቄ ሰጠኋት። በማሽኑ መስታወት በኩል የሰናፍጩ ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ብቅ እያለ ሲዞር አየሁት፣ ከዚያ ጠፋ።

ሲወጣ ጨርቁ ከሰል መስሏል፤ የተሰፋበት ክር ግን ማቅለሚያውን እምቢ ብሎ ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል። በኪሶቹ ዙሪያ፣ በትከሻው፣ በእጅጌው ጠርዝ፣ ስፌቱ ሁሉ በብርሃን እንደተሣለ ሆኖ ጥቁሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። እናቴ እጥፍ ዘርጋ አድርጋ አየችውና «ክሩ አላዘነም» አለች፣ መልሳም አልነከረችውም። ትምህርት ቤት ስሄድ ልጆቹ ከበቡኝ፤ ከየት ገዛሽው፣ ስንት ነው፣ እኛም እንፈልጋለን አሉ። ሐዘን ነው ብዬ ማስረዳት አልቻልኩበትም። እስከ ዛሬ ልብስ ስመርጥ ስፌቱ በሌላ ቀለም ክር ጎልቶ የሚታየውን አነሣለሁ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥም ያንቺ ስታይል ደስ ይላል ይሉኛል። አመሰግናለሁ እላለሁ።

ልብሱን ባጠቆርን ማግስት ግን በራችን ተደበደበ። ከታች የምትኖረው ማርታ ናት፣ ከሜክሲኮ የመጣች፣ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የምትሠራ ሴት። ከኛ ቀጥሎ ማሽኑን የተጠቀመችው እሷ ነበረች፣ ነጭ የሥራ ልብሶቿም አመድ መስለው ወጥተዋል። አንዱን በእጇ አንጠልጥላ እየጮኸች ገባች፣ እናቴን ከራስ እስከ እግር ጥፍሯ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ስታያት ግን ጩኸቷን ከአፏ መለሰችው። «ባል?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «አባቴ» አልኳት። ልብሱን ቀስ ብላ አጥፋ ብብቷ ውስጥ ያዘችው። ከዚያ ወደ ታች ይዛን ወርዳ፣ ማሽኑን በባዶው በበረኪና እንዴት እንደሚያጥቡት ለእናቴ በእጇ አሳየቻት። አመድማውን ልብስ ለብሳ ሥራ ስትሄድ ለዓመታት አያት ነበር።

ጸደዩ መጣ፣ ከነነጎድጓዱ። ቴክሳስ ውስጥ የአውሎ ነፋስ ሳይረን ሲጮኽ ሰው መስኮት ወደሌለው ክፍል ገብቶ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይተኛል፤ እናቴና እኔም ትራስ ጭንቅላታችን ላይ አድርገን ገንዳው ውስጥ እንቃቀፍ ነበር። ጥቁር ቀሚሷ ፊቴ ላይ ሆኖ የማቅለሚያው ሽታ ይመጣብኛል፣ ልቧ ሲመታ ይሰማኛል፣ እሷ ደግሞ ከኔ ጋር ሳይሆን ከሌላ ሰው ጋር በሹክሹክታ ታወራለች። «በሩን ዘግተኸዋል? በረንዳውንስ?» ትላለች። መልስ እንደሰጣት ሁሉ ዝም ትላለች። በጋው ከዚያ ይብስ ነበር፤ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ሐምሌ እናቴ በጥቁር ሹራብ አውቶቡስ ትጠብቃለች፣ ምድር ቤት ገብታ ከነጭ አንሶላ ተራራ መሃል እንደ አንድ ነጥብ ትታያለች። የሥራ ባልደረቦቿ «መነኩሲቷ» እያሉ ይጠሯት እንደነበር ሰምቻለሁ።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ቤቱን አጸዳች፣ ድፎ ዳቦ ጋገረች፣ ቆሎ ቆላች፣ ከሰዓት በኋላ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ማን ሊመጣ ነው?» ብላት፣ «የሚመጣ ሰው አይጠፋም» አለችኝ። ስሙን አልነገረችኝም። እኔም ሳስበው ሳስበው፣ ይህን ሁሉ ዝግጅት የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ሳትሰማ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ፣ ከአባቴ ልብሶች ለሰው ያልሰጠችውን ብቸኛ ልብስ፣ ክርኑ ባለቆዳውን ቡናማ ጃኬት አወጣሁና በረንዳው ላይ ሰቀልኩት። ባለቤቱ ካለ መጥቶ ይውሰደው ትል አልነበር?

እሱ አልመጣም። የመጡት ሌሎች ናቸው። ቀኑ አሜሪካኖች ልጆቻቸውን የሙታንና የጭራቅ ልብስ አልብሰው በየቤቱ ከረሜላ የሚያስለምኑበት የሃሎዊን ማታ ነበር፤ እናቴ ይህን አታውቅም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደረጃው ላይ ኮቴ ሲሰማ ቀሚሷን አስተካክላ ተነሣች፣ በሩ ላይ ግን አንድ ትንሽ አፅም፣ አንዲት ነጭ አንሶላ የለበሰች መንፈስና ደም የተቀባ ልጅ ቆመው ከረጢታቸውን ዘረጉላት። አፅሙ ቀና ብሎ ጥቁር ቀሚሷን፣ ጥቁር ነጠላዋን፣ የከሳ ፊቷን አየና በእንግሊዝኛ «ዋው፣ ያንቺ ኮስቱም ከሁሉም ይበልጣል!» አላት።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«እግዜር ያጽናሽ አለ» አልኳት።

«አሜን፣ የኔ ልጅ። አንተንም ያሳድግህ» ብላ ከዳቦው ቆርሳ ከረጢቱ ውስጥ ከተተችለት። የቀሩት ልጆችም ሲመጡ እያንዳንዳቸው ስላጽናኗት እየመረቀች፣ ዳቦው እስኪያልቅ ቆርሳ ሰጠች። ስትተኛ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ጃኬቱ ጤዛ ለብሶ በረንዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ እናቴ አየችው፣ አየችኝ፣ አውርዳ በፎጣ አድርቃ ወደ ቦታው መለሰችው።

በዓመቱም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ጥቅምት ሲያልቅ ታጸዳለች፣ ትጋግራለች፣ በሩን ትከፍታለች፤ አፅምና መንፈስ መጥቶ ዳቦውን በልቶ ይሄዳል፣ ጥቁሩም ይቀጥላል፤ ሲደበዝዝ ደግሞ አዲስ ማቅለሚያ ትገዛና ማሽኑን በበረኪና ታጥባለች። እኔ እያደግሁ ሄድኩ፣ ኮቱ ልኬ ሆነ፣ ከዚያ ጠበበኝ። አባቴ እንደማይመጣ አውቄያለሁ፤ እናቴ ግን እሱን መጠበቅ ስላልተወች አእምሮዋ እየሄደብኝ ነው ብዬ ፈራሁ፣ ከእሷ ሌላ ሰው ደግሞ አልነበረኝም።

በዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣ በሙት ዓመቱ ዕለት፣ ጋሽ ታደሰ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ ሲመጣ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እማዬ ግን አባዬ ይመጣል ብላ ነው የምትጠብቀው?»

ታክሲውን ዳር ይዞ ፓርክ አደረገው። «እንዲህ ማን አለሽ?»

«በየዓመቱ በር ከፍታ ትቀመጣለች።»

«ወይኔ ታደሰ» አለ፣ መሪውን በመዳፉ መታ። «እሱን አይደለም የምትጠብቀው፤ የሚያወልቅላትን ሰው ነው። ጥቁር ራስሽ አታወልቂውም። ዓመቱ ሲሞላ ዘመድ ልብስ ይዞ ይመጣል፣ ይበቃሻል ይልሻል፣ አውልቆ ያለብስሻል። ሰው ካልመጣ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ታዲያ አንተ ለምን አላደረግህላትም?»

«እኔ?» ብሎ በሐዘንና በሳቅ መሃል ሆኖ አየኝ። «እኔ ላጤው ቀሚስ አንጠልጥዬ ባል ወደ ሞተባት ሴት ቤት ብገባ ምን ይባላል? ታደሰ ሊያገባት መጣ ነው የሚባለው። እናትሽ እትዬ ዘውዴ ራሷ በማማሰያ ነው የምታባርረኝ! እኔማ እነዚያ ሴቶች አድርገውት ይሆናል፣ እሷ ናት እምቢ ያለችው ስል ነበር።» እነዚያ ሴቶች የሚላቸው በከተማው የነበሩት ጥቂት ሚስቶች ናቸው፤ እነሱም ከእናቴ በዕድሜ በጣም ያነሱ ስለሆኑ የታላቃቸውን ጥቁር ለማውለቅ ደፍረው እንደማያውቁ በኋላ ሰማሁ። ሁሉም ሌላው ያደርገዋል ብሎ ተቀምጧል፣ እናቴም በሯን ከፍታ ተቀምጣለች።

ቀሚስ ልግዛላት ብዬው ሰልባጅ ቤቱ በር ላይ አወረደኝና «እኔ አልገባም፣ ሰው ቢያየኝስ» ብሎ ታክሲው ውስጥ ቀረ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ገብቼ አላውቅም ነበር። ቀሚሶቹ መካከል ቆሜ መስቀያዎቹን መግፋት ስጀምር ያ ድምፅ መጣ፣ እሱም ከጎኔ የቆመ ያህል ተሰማኝ፤ ቀዩን ሳነሣ ገና ነው የሚለኝ፣ አበባውን ሳነሣ ራሱን የሚነቀንቅ። በመጨረሻ የደረቀ ቅጠል ቀለም ያለው ረጅም እጅጌ ቀሚስ አገኘሁ፣ ገለበጥኩት፣ ገበሩ ሙሉ ነው፣ ስፌቱ አይላቀቅም። ያስቀመጠችው ሴት ቆጣቢ ናት፣ ለክፉ ቀን ብላ ነው ያቆየችው ይል ነበር እሱ ቢሆን።

እናቴ ቀሚሱን ስታየው ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ላለብሳት ስጠጋ ግን እጄን ያዘችኝ። «አንቺ አትችይም የኔ ልጅ። አባትሽ ነው የሞተው፣ አንቺም እንደኔው ሐዘንተኛ ነሽ። ሌላ ሰው ነው የሚያወልቀው።»

«ሌላ ሰው የለንም እኮ፣ እማዬ።»

ወደ ከፈተችው በር ብቻ ተመለከተች። እኔም ቀሚሱን ፍራሹ ላይ ጥዬ በዚያው በር ወጥቼ ወደ ታች ሮጥኩ። ማርታ ከሥራ ገብታ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ነበር፤ ባገኘሁት እንግሊዝኛ ሁሉ ነገርኳት። ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም፣ እነሱም አገር ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁር ትለብሳለች። እግሯን ሳታደርቅ ተከትላኝ ወጣች። እናቴ ፊት ተንበርክካ የጥቁሩን ነጠላ ጫፍ ያዘችና፣ ፈቃዷን እንደምትጠይቅ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ከራሷ ላይ አነሣችው። ፀጉሯ ሸብቶ ነበር። እኔም ያኔ ነው ያየሁት። «ያ፣ ያ» ትላታለች ማርታ በቋንቋዋ፣ በቃ፣ በቃ እንደ ማለት፣ እናቴ ደግሞ በእያንዳንዱ ላይ «አሜን» ትላለች። ቀሚሱ አንድም ሌሊት በረንዳ ላይ አላደረም። እንደመጣ ለበሰችው።

ጋሽ ታደሰ ከታች ሆኖ ክላክስ ያደርግ ነበር፣ ወሬውን ለማወቅ ቸኩሎ።

በዚህ ጥቅምት፣ ሰልባጅ ቤቱ ውስጥ ቡናማ ጃኬቶች መካከል ቆሜ፣ ይህን ሁሉ ለሊያ ነገርኳት። «ማለቴ፣ ማርታ አማርኛ አታውቅም፣ አያቴ ስፓኒሽ አታውቅም፣ ደግሞ ኢት ወርክድ?» አለች ዓይኗን አፍጥጣ። አንዱን ጃኬት አንሥታ ስትለብስ «ገልብጪው መጀመሪያ» አልኳት፤ ገልብጣ ገበሩን ዳሰሰች፣ አልወደደችውም፣ መለሰች፣ ሌላ ፈለገች። እኔ ለራሴ ምንም አላነሣሁም። ገና ጥቁር ለብሼ ነበር፤ በዚህ ከተማ ጥቁር ምንም አይናገርም፣ ሰው ሁሉ ይለብሰዋል።

ባለፈው ሳምንት የኤልያስ ሙት ዓመት ነበር። ከእኛ መንገድ እስከ ማዶ መኪና ማቆሚያ ጠፋ፣ በሩ ላይ የጫማው ብዛት መግቢያ አሳጣ። የማኅበራችን ሴቶች ቀሚስ ይዘው መጡ፣ የሥራ ጓደኞቼ ሌላ ይዘው መጡ፣ የኤልያስ እህት ከሂዩስተን ሌላ ይዛ ደረሰች። «እንዴ፣ አንቺም አመጣሽ?» «ታዲያ ባዶ እጄን ልምጣ?» «በሉ ሁሉንም እናልብሳት፣ ብርድ እንዳይገባት!» እየተባባሉ፣ አንዳንዶቹ እየሳቁ፣ አንዳንዶቹ እያለቀሱ መኝታ ቤት ይዘውኝ ገቡ። ጥቁሩን አወለቁልኝ። የዋጋ ወረቀቱ ገና ያልተቆረጠለት ሰማያዊ ቀሚስ አለበሱኝ። «ይበቃሻል እመቤቴ፣ ልጅ አለሽ» አሉኝ፣ እኔም አሜን አልኩ። መስተዋቱ ውስጥ ያለችው ሴት ለግብዣ የተዘጋጀች ትመስላለች፤ አልጋው ላይ የተጣለው ጥቁር ደግሞ እኔን ይመስላል።

ሲሄዱ እናቴ ሶፋው ላይ ነበረች። አሁን ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ቀለም የምትለየው ቀርባ ነው። ጎኗ ተቀመጥኩ። «ያን ሁሉ ዓመት ስትጠብቂ አልከበደሽም?» አልኳት።

«ከብዶኛል እንጂ» አለች። «ግን በዓመቱ መጥተው ቢያወልቁልኝ ኖሮ አባትሽን መቼ አለቅሰው ነበር? ሥራ አለብኝ፣ አንቺ አለሽብኝ። ጥቁሩ ነው ያለቀሰልኝ።» የሰማያዊውን ቀሚስ እጅጌ በጣቷ ዳሰሰች። «ያንቺዎቹ ቶሎ መጡ።»

እናቴ የሚያወልቅላት አጥታ በሯን ከፍታ ኖረች፤ እኔ ሐዘኔን ሳልጨርስ ቤቴ ሞልቶ ተወለቀልኝ። ሰዎቹን አላማቸውም፣ መምጣታቸው ትልቅ ነገር ነው፣ ያኔ አንዲት ሴት እንኳ እንዲህ ብትመጣልን ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። የትኛው እንደሚሻል ግን አላውቅም፣ እናቴም አልነገረችኝም። አሁን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ያመጡልኝን ልብስ እለብሳለሁ። ማታ ስመለስ ጥቁሩን ለብሼ ከእናቴና ከሊያ ጋር እራቴን እበላለሁ።